መብራት ሲጠፋ የማይከፈተው ክዳን

ቦንጋ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ያለች ክፍል ነው። አከራዬ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ “እትዬ” ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። የሚታወቁት በበረዷቸው ነው። ውሃውን አፍልተው በተከደነ ባልዲ ያሳድሩና በትንንሽ ላስቲክ እየሞሉ፣ አፉን እየቋጠሩ፣ ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ይደረድሩታል። ሲፈለግ በጨርቅ ጠቅልሎ በዘነዘና መምታት ነው፤ ደቃቁ ለጁስ፣ ትልልቁ ቢራና ለስላሳ ለሚዘፈዘፍበት በርሜል።

ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ያኔ የእትዬ ሕግ ይጀምራል። የፍሪዘሩ ክዳን በገመድ ይታሰራል፤ በላዩ የኮባ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል። መብራት እስኪመለስ ድረስ ማንም ቢመጣ አይከፈትም። ዳኛም ቢያዝ የሚከፍቱት አይመስለኝም።

እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ኢንሱሊኔ የሚቀመጠው ከፍሪዘሩ አጠገብ ባለችው ፍሪጅ ውስጥ፣ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ “የመምህርት መድኃኒት” እያለ ይጠብቅልኛል። ቅዝቃዜ እንደሚስማማው ያውቃሉ። በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቶ የሚጣል ነው፤ ይህን አንስተን አናውቅም። ማን ፍሪዘር ውስጥ ይከተዋል?

ከፋሲካ በኋላ፣ በሰርግ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት የወረደው ዝናብ መብራቱንም ኔትወርኩንም ይዞ ሄደ። የጅማን መንገድ ናዳ ዘጋው ተባለ። ፋርማሲዎቹ ኢንሱሊን ካለቀባቸው ሰንብቷል፤ የሚጠብቁትም በዚያው መንገድ የሚመጣውን ነው። እኔ አልደነገጥኩም። ቆርቆሮዬ ውስጥ የሚበቃኝ አለ።

ለምሳ ከትምህርት ቤት ገብቼ ፍሪጁን ስከፍት ቆርቆሮው የለም።

ምግብ አብሳይዋን ጠየቅኋት። ከማንኪራ ገጠር የመጣች ናት፤ እትዬ አንዴ ያሉትን ነገር እስከ መጨረሻው የምትጠብቅ።

“እትዬ ከበረዶው ጋር ከተቱት” አለችኝ ደስ ብሏት። “መብራት ሲጠፋ፣ የመምህርት መድኃኒት ይሞቃል ብለው። ከዚያ አሰሩትና ለለቅሶ ሺሺንዳ ሄዱ።”

ዞሬ የታሰረውን ክዳን አየሁ።

“ክፈቺው!”

“እትዬ ሳይመጡ አይከፈትም። ለነገ ሰርግ የታዘዘ በረዶ ነው። አይዞሽ መምህርት፣ እዚያ አይሞቅም።”

“የሚያበላሸው እኮ በረዶው ነው!”

አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ፀሐይ የመታው ሰው እንደሚታይ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጠችበት።

እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። ጮህኩ። ተመጋቢው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ዞሮ አየን። ወደ እትዬ ስልክ ሞከርኩ፤ ዝም ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ እዚያ ክዳን ሥር ምን እየሠራች እንደሆነ እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ድምፄ ተሰብሮ፣ “ብሞት ለእናቴ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ!” አልኳት።

ሞት የሚለውን ስትሰማ ወረደች። ገመዱን የፈታችው ራሷ ናት።

ቆርቆሮው ከላስቲኮቹ ሁሉ ሥር፣ ከሁሉም በላይ በሚቀዘቅዘው ጥግ ተቀምጧል። እትዬ ለሰርጉ በረዶ እንኳ ያልሰጡትን ቦታ ለእኔ ሰጥተውኛል። ሁለቱን ጠርሙሶች አውጥቼ ገለበጥኳቸው። ውስጣቸው ያለው አልተንቀሳቀሰም፤ በረዶ ሆኖ ደርቋል። አብሳይዋ ዓይኔን አየችና መልሳ ክዳኑን አሰረች።

ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል በረርኩ። ሲስተሯ የመድኃኒት ማቀዝቀዣዋን ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከሌላዋ ጋር ተንሾካሾከች። መጨረሻ ላይ ለተኝቶ ታካሚዎች ከተቀመጠው አንዲት ጠርሙስ ሰጠችኝ።

“መንገዱ እስኪከፈት ሌላ የለንም” አለችኝ። “እንዳትሞቅ፤ በረዶም እንዳትነካት።”

በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣት ተመለስኩ። ከዝናቡ በኋላ የወጣው ፀሐይ ይለበልባል፤ ባጃጁ በጉድጓድ ሲዘል ነፍሴ አብራ ትዘላለች። መንገዱን ሙሉ ለእትዬ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ማን ንኩልኝ አለዎት? ማን?

ስገባ ከለቅሶው ተመልሰዋል። ጥቁር ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው።

“መጣሽ ልጄ? መድኃኒትሽን አገኘሽው? እኔ እኮ መብራቱ እንደሄደ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ነው ያሰብኩት” አሉኝ ፊታቸው በርቶ።

ያዘጋጀሁትን ትቼ ጨርቁን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። የመለሰችላቸው አብሳይዋ ናት።

“እትዬ፣ በረዶ ሆነ። ተበላሸ።”

ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። “በእኔ እጅ?” አሉ። ከዚያ በእጄ ወደያዝኩት ጨርቅ አዩ።

“ይቺስ ምንድን ነው የሚስማማት?”

“ቀዝቃዛ ቦታ” አልኩ። “ግን በረዶውን ሳትነካ።”

ብድግ አሉ። ብርድ ልብሱን ገፈፉ፣ ቅጠሉን ጣሉ፣ ገመዱን ፈቱ።

“እትዬ! መብራት አልመጣም እኮ! የነገው ሰርግስ?” ጮኸች አብሳይዋ።

“ሰርገኛው የሞቀውን ይጠጣ” አሉና ክዳኑን ወለል አደረጉት።

በፍሪጁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ በረዶ ደረደሩ፤ ጠርሙሷን ከታች፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። የላዩ መቅለጥ ሲጀምር ፍሪዘሩን ከፍተው ይለውጣሉ፤ እንደገና ይከፍታሉ። የሰርጉ በረዶ እንዲሁ አለቀ። በማግስቱ ሰርገኛው ለብ ያለ ቢራ እየጠጣ አማቸው፤ እሳቸው ጆሮ አልሰጡትም።

መብራትም መንገድም ሳይመጣ፣ አንዴ በረዶ ሊለውጡ ፍሪጁን ከፍተው ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸውን ወደ ጠርሙሷ ይዘረጋሉ፣ ይመልሱታል።

“ልጄ፣ ነክተሽ እይልኝ” አሉኝ ሳይዞሩ። “የራሴን እጅ አላምነውም።”

እጃቸውን ይዤ ጠርሙሷ ላይ አሳረፍኩት።