ለቅሶ በእግር ነው የሚደረሰው

ኤርጎጌ የባምበርግን ጎዳናዎች ከገዛ ሰፈሯ አስበልጣ ታውቃለች። ጀርመንን ግን ረግጣ አታውቅም። የምትኖረው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሎኬሽን፣ ማለት የጥቁሮች ሰፈር፣ ከባሏ ከእዮኤል ጋር ስፓዛ በሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው። ከፊት ይሸጡባታል፣ ከኋላ ይተኙባታል፣ በመሀል ፍሪጅ ሲያጓራ ይውላል። የሱቋ ፊት ከላይ እስከ ታች የብረት ግሪል ሲሆን ዳቦ የሚወጣውም ብር የሚገባውም እጅ በምታሾልክ ቀዳዳ ነው። ሆሳዕና አካባቢ ያሉት ዘመዶቿ «ልጃችን ደቡብ አፍሪካ ገባች» ብለው ጌታን አመስግነዋል። የገባችው ግሪል ውስጥ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ሕጉን ያወጣው የእዮኤል ታላቅ ወንድም ሀቢሶ ነው። ሀቢሶ ጀፕስታውን አጠገብ በጅምላ የሚሸጥ፣ ዕቃ የሚያመጣላቸው፣ ከዕቃው ጋር ምክር የሚጭን ሰው ነው። ሱቁ በተዘረፈ ዓመት ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት «ኤርጎጌ በእግሯ ከግሪሉ እንዳትወጣ» አለ፤ በቃ፣ ሕግ ሆነ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ትሄዳለች፤ ክሊኒክም በመኪና። በእግሯ ግን የሱቁን ደጅ እንኳ ተሻግራ አታውቅም። ደንበኞቿ የሚያውቋት ከደረቷ በላይ ነው።

እሺ ብላ ኖረች። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ? ያልለመደው እግሯ ነው። በልጅነቷ ቡላ ተሸክማ ገበያ ደርሳ የምትመለስበት እግር ቆሞ በመዋል ብዛት ያብጥ ጀመር። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ የጫማው አፍ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታትሞ ይቀራል። የክሊኒኩ ሐኪም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫን ጫን አደረገውና «መድኃኒቱ መራመድ ነው። ካልተራመድሽ ይህ እግር ጥሎሽ ይሄዳል» አላት። እሷ ባሏን አየችው፤ ባሏ ግድግዳውን አየ።

በዚያ ሰሞን ነው ቪዲዮዎቹን ያገኘቻቸው። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በጀርመን የድሮ ከተሞች ውስጥ ይራመዳል። አይናገር፣ ፊቱን አያሳይ፤ ድንጋይ ንጣፉ ላይ የሚረግጠው ጫማው ብቻ ይሰማል። «አቀበት የሌለው፣ ለደከመ እግር የሚሆን ቀላል መንገድ» ይላል ከሥሩ። ኤርጎጌ ስልኳን የዱቄት ከረጢት ላይ አስደግፋ ባንኮኒው ኋላ ባለችበት ትረግጥ ጀመር። ባምበርግ ላይ፣ ወንዝ መሀል የቆመውን የከተማ አዳራሽ በድልድዩ አልፋለች። ሮተንቡርግ ጣሪያ ባለው የከተማ ግንብ ላይ ዞራለች። ኩዌድሊንቡርግ እንጨት ጣልቃ የገባባቸው ጎባጣ ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ እንደ ሰርግ ቤት ሽማግሌዎች። ሰውየው እርጥብ ድንጋይ ሲረግጥ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ጌታ ይጠብቅህ» ትለዋለች። ደግሞ አሮጊቶች አሉ። ዘንቢል አንጠልጥለው ብቻቸውን ሲሄዱ ማንም ወዴት ነሽ የማይላቸው። ኤርጎጌ በቤቶቹ አልቀናችም፤ በነዚያ አሮጊቶች ግን ቀናች፣ አንጀቷ እስኪቃጠል።

«ጀርመን ደረስሽ?» እያለ እዮኤል ይስቅባታል።

«ደርሼ እየተመለስኩ ነው። አንተ ገና እዚሁ ነህ» ትለዋለች።

ከግሪሉ ወዲያ አንድ ወዳጅ ነበረቻት፤ ጎጎ ማዝዋኔ። ጎጎ በዙሉ አፍ አያት ማለት ነው። ሴትየዋ ጠዋት ጠዋት ዳቧቸውን ይገዙና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። ዙሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሱቁ የተዘረፈ ዓመትም፣ ግማሹ ዕቃ ከሄደ በኋላ፣ ያንኑ ሳጥን በሩ ሥር አድርገው ቁጭ አሉና የሚዘርፉትን ጎረምሶች በየስማቸው እየጠሩ ሰደቧቸው። የቀረው ዕቃ የተረፈው በዚያ ሳጥን ነው። ኤርጎጌም የተረፈችው በዚያ ሳጥን ነው።

አንድ ሳምንት ጎጎ ቀሩ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ደንበኛ ሻማ ስትገዛ ነገረቻት፦ ጎጎ ማዝዋኔ ዐርፈዋል፣ ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ኤርጎጌ መልሱን በቀዳዳው እንዳወጣች እጇ እዚያው ቀረ። አለቀሰች፤ ወረፋው ቆሞ ጠበቃት።

ማታ ለእዮኤል ነገረችው። እዮኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነ። «አንድ ከረጢት ዱቄትና ስኳር በሰው እልካለሁ» አለ።

«ዕቃ ላክ። እኔ ለቅሶ እደርሳለሁ።»

«በምን? ቅዳሜ ሀቢሶ መኪናውን አይሰጥም።»

«በእግሬ ነዋ። ለቅሶ በእግር ነው የሚደረሰው።»

እዮኤል መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለው፤ ቀጥሎ ስልክ አነሳ። የሀቢሶ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሰሞኑን የውጭ ሰው ይውጣ የሚል ወሬ እንዳለ፣ ግሪሉ ውስጥ ባለሱቅ ብትሆንም ውጭ መጤ እንደሆነች፣ ከመሞት መሰንበት እንደሚሻል ዘረዘረ።

ኤርጎጌ ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደች። «ጋሼ ሀቢሶ፣ ይሄ መሰንበት ነው? እሺ፣ ቢመጡብን በየትኛው እግሬ ነው እግሬ አውጪኝ የምለው? እግሬን እኮ እዚህ ጨረሳችሁት! እኚያ ሴትዮ ሲያድኑን በሰው ላኩልን እንዴ? መጥተው ተቀመጡ እንጂ!»

ሀቢሶ ምክር ያለቀበት ያን ቀን ይመስለኛል። ሞኝ ካመረረ፣ በግ ከበረረ መመለሻ የለውም ይባላል። ኤርጎጌ ሞኝ አይደለችም፤ ማምረሩን ግን አምርራለች።

አንድ የሚያሳፍር ነገር መጣ። የጎጎን ቤት አታውቀውም! የሮተንቡርግ ግንብ ላይ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች። ይህን ሁሉ ዘመን ዳቦ የሸጠችላቸው ሴት በየት በኩል ዞረው ቤታቸው እንደሚገቡ ግን አታውቅም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዳቦ በሰጠች ቁጥር ጠየቀች። አንዱ በጽዮናውያን ቤተ ክርስቲያን በኩል አላት፣ ሌላዋ የጎማ መሸጫውን እለፊ አለቻት፣ ሦስተኛው ከጎማ መሸጫው ወዲያ አቀበት ነው፣ ከዚያ በሜዳው ዳር ሂጂ አላት። እየሰማች መንገዱን በልቧ አነጠፈችው፤ አቀበት የሌለው፣ ለደከመ እግር የሚሆን።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለሐዘን ለበሰች። እዮኤል የብረቱን በር ከፈተላት። «አብሬሽ ልምጣ?» አለ።

«ሱቁስ?»

ወጣች።

የመጀመሪያው እርምጃ ከባድ ነበር ቢባል ውሸት ነው። የከበዳት ሰማዩ ነው፤ ያለ ግሪል እንዲህ ሰፊ መሆኑን ረስታው ነበር። መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ የለውም፤ የፈሰሰ ውሃ፣ የተኛ ውሻ፣ በጡሩምባ የሚሰዳደቡ ታክሲዎች አሉት። ፈርታለች። ግን ፍርሃቷን ይዛ ሄደች፤ ለፍርሃት ብላ የምትመለስበትን ዘመን ጨርሳለች።

ጎማ መሸጫው ጋ ጎረምሶች ተሰብስበዋል። መንገዱን ሞልተውታል። አንዱን ለየችው፤ በፍሬ ሲጋራ የሚገዛው ነው። ያን ዓመት ጎጎ በስም እየጠሩ ከሰደቧቸው አንዱም ነው።

«ኡያፒ?» አላት፤ ወዴት ነሽ ማለቱ ነው።

ከመንገዱ አልወረደችም። ቆመችና ዓይኑን እያየች «ኩጎጎ ማዝዋኔ» አለችው። ወደ ጎጎ ማዝዋኔ። ጎረምሳው እሷን ከራሷ እስከ እግሯ አያት፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹ ወደ ዳር ሆኑላት። ለእሷ ይሁን ለሟቿ አታውቅም፤ ግድም አልሰጣት። አለፈች።

ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳኑን ሞልቶታል። በሩ ላይ እጅ የሚታጠቡበት ሳፋ ተቀምጧል፤ ታጠበች። የጎጎን ልጅ ማንም ሳያሳያት አወቀቻት፤ ግንባሯ የእናቷ ነው። ኤርጎጌ ሌሊቱን ስታጠናው ያደረችውን የነሱን የሐዘን ቃል አወጣችው፦ «አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ።» በሰው ላይ ያልደረሰ ሐዘን አልደረሰባችሁም እንደ ማለት ነው።

ሴትየዋ ድምፁን አወቀችው፤ ፊቱን ግን ያለ ብረት አይታው አታውቅም። ትክ ብላ አየቻት። «ሲሲ? የሱቋ ሲሲ?» አለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል አየች። «እግር አለሽ እንዴ?»

ድንኳኑ ሳቀ። ሐዘንተኛዋም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነና ኤርጎጌ ትከሻ ላይ ወደቀች። ተያይዘው አለቀሱ። ኤርጎጌ ያለቀሰችው ለጎጎ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰፈር የማይሞላ መንገድ ነበር! እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን መጥታ ሻይ ብትጠጣ ምን ነበረበት? ተናደደች፤ በሀቢሶ፣ በእዮኤል፣ ከሁሉም በላይ እሺ ባለው አፏ።

ስትመለስ ረጅሙን መንገድ መረጠች። ሱቁ ጋ ደርሳ ወረፋ ውስጥ ቆመች፤ ተራዋ ሲደርስ እጇን በቀዳዳው አስገባች። እዮኤል አንገቱን ሳያነሳ «ዬስ፣ ምን ልስጥ?» አለ። ከውጭ ሲታይ እንዲህ ነው ለካ፤ ባሏ እጅ ብቻ ነው። እጁን ያዘችው። ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጌታ ይመስገን! ቶሎ ግቢ» ብሎ የብረቱን በር ከፈተ።

ኤርጎጌ አልገባችም። ደጁ ላይ የተጣለውን የለስላሳ ሳጥን ገለበጠችና፣ ጎጎ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘረጋች። እግሯ ያማታል፤ የመራመድ ሕመም ነው፣ ከድሮው ትለየዋለች።

ውስጥ ስልክ ጮኸ። እዮኤል አየውና በግሪሉ በኩል አጎንብሶ በሹክሹክታ «ሀቢሶ ነው። ምን ልበለው?» አላት።

«ወጥታለች በለው።»