በመጋዝ ጠረጴዛዬ ላይ የተመደበው ቅርጫ

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ነው። ቢላ አስሞርጄ ከገበያ ስመለስ የግቢዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጓሮ የወንዶች ሳቅ ይሰማል... ከእንጨት መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ!

የዚያን ክፍል ቁልፍ ለማንም አልሰጥም። ባለቤቴ ግን ሰጥታለች።

ሆሳዕና ነው የምኖረው። ከቤቴ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ስሠራ ከርሜያለሁ። በአንዱ በኩል እንጨት የምልግበትና የምገጥምበት ነው፤ በሌላው በኩል ከሥሩ ሞተርና ክብ መጋዝ አለው። መጋዙ በጠባብ ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል፤ ገበታውን ከፍ ሳደርገው ደግሞ ከሥር ይደበቅና ላዩ ልሙጥ ይሆናል። ውኃ ልኩና ስኳድራው ቅንጣት ስህተት እስከማያገኙበት ድረስ እየፈታሁ ገጥሜዋለሁ። የቀረኝ ከሥር ሞተሩንና መጋዙን የሚሸፍነው ሳጥን ብቻ ነበር። የሞተሩን ማብሪያ በሩ አጠገብ፣ ከአምፖሉ ማብሪያ ጎን አድርጌ በቀይ ቀለም «አይነካም» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የሠፈራችን ወንዶች በየመስቀሉ በሬ በጋራ ገዝተን ቅርጫ እንካፈላለን። ሌላ ጊዜ ሥጋው የሚመደበው ሣር ላይ፣ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ነው። የዚያን ቀን ግን ዝናቡ አላስቆም አለ...

ስገባ ጠረጴዛዬን ከበውታል። ቅጠሉ ተነጥፎበት ሥጋው በየመደቡ ተከምሯል። ደሙ በለሰለሰው ጠርዝ ላይ እየወረደ ነው።

«ኢንጂነር መጣ!» አለ ኤርጫፎ።

ኢንጂነር አይደለሁም፤ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ኤርጫፎ የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ። በረንዳው ላይ ባለችው የስፌት መኪና፣ በእነዚያ እጆቹ ነው ቤተሰቡ የሚኖረው።

«ይሄ እኮ የመጋዝ ጠረጴዛ ነው!» አልኩ።

«ታዲያ በሬው አጥንት የለውም?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

ሥጋውን የሚመድቡት ሽማግሌው አቶ ሎምቤቦ ቢላቸውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዝናብ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ገበታ ሠርተህ ለጎረቤት ካልሆነ ለማን ይሆናል?»

«ጋሼ፣ ከሥሩ ገና አልተሸፈነም። አደገኛ ነው። ወደ ሳሎን ይግባ።»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም! ምኑ ነው አደጋው?» አለ ኤርጫፎ። ባለቤቴ ከበሩ ሆና በዓይኗ ገሠጸችኝ። በሰው ፊት አታዋርደኝ ማለቷ ነው። ያስሞረድኩትን ቢላ ለአቶ ሎምቤቦ አቀበልኩ... ግን ደሜ ፈልቷል።

ዕጣ ማውጣት ተጀመረ። በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል። አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ ኤርጫፎ እንደ ሁልጊዜው የኮት አዝራር። መደቡን ያላየ ሰው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የኤርጫፎ አዝራር ከመደቡ ላይ ተንሸራትታ ወረደችና ከጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራው ውስጥ ገባች።

ጋቢውን እንደለበሰ ተንበርክኮ ከሥር ገባ።

«ኤርጫፎ፣ ውጣ ከዚያ!»

«መብራት ሲመጣ ንገረኝ!» አለ ከሥር፣ እየሳቀ።

መጣ።

መጀመሪያ አምፖሉ በራ። ከጎረቤት የልጆች «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወዲያው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ መጋዙ ከሥር ጮኸ። የሰው ጩኸት ይሁን የብረት መለየት አልቻልኩም። ሰውን ገፍትሬ ወደ በሩ ዘለልኩና ማብሪያውን መታሁት... የጠፋው አምፖሉ ነው። መጋዙ ግን እየጮኸ ነው። ሁለተኛውን መታሁ።

ጸጥ አለ። ከሥር ምንም ድምፅ የለም።

«ኤርጫፎ?»

«...ጋቢዬን በላው።»

ጎትተን አወጣነው። የጋቢው ጫፍ ተበጫጭቆ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀኝ እጁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጣቶቹን እያገላበጠ ያያል። ያ አፈኛ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም።

«ጌታ ይመስገን!» አሉ ሁሉም። አቶ ሎምቤቦ አጠር ያለ ጸሎት አደረጉ፤ አሜን ተባለ። ከዚያ... ቢላዎቹ ተነሡ! ዕጣው ቀጠለ!

«ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀዩን ማብሪያ ማነው የነካው?»

አንዱ ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ መብራት መጥቶ እንደሆነ ብዬ ነካ አድርጌዋለሁ... ግን የመለስኩት ይመስለኛል።»

«እኔም ስገባ ነክቼዋለሁ» አለ ሌላው።

«ጨለም ሲልብኝ እኔም ሞክሬዋለሁ» አሉ አቶ ሎምቤቦ።

ባለቤቴ ከበሩ፣ ቀስ ብላ፦ «እኔም።»

መብራት ሲጠፋ በማብሪያ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ቀጭ ያደርገዋል። መብራት ከሌለ ደግሞ ይብራ ይጥፋ በምን ያውቃል? የጻፍኩትን «አይነካም» ሁሉም አንብበውታል። ለእነሱ ግን ማብሪያ ማለት አምፖል ነው።

የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ድርሻዬን ተቀብዬ ወደ ቤት ገባሁ፤ ግን አልበላሁም። በማግሥቱ ማብሪያውን ከግድግዳው ነቀልኩት። አሁን ሞተሩ የሚነሣው ጠረጴዛው ራሱ ላይ፣ በዓይኔ ሥር ባለ ቁልፍ ነው፤ ሳጥኑም ተገጥሟል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ለሚመጣው መስቀልም ገበታውን ከአሁኑ ጠይቀውኛል።

ኤርጫፎ አፉ ተመልሶለታል። ጠዋት ጠዋት ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ቀኝ እጁን በአጥሩ ላይ ያውለበልብልኛል። «ኢንጂነር፣ አምስቱም አሉ!» ሠፈሩ በሙሉ ይስቃል።

እኔ ግን ከመሳቄ በፊት እቆጥራለሁ።