ጋሽ ሰይድ ያስከፈቱት መስኮት

ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ውርጌሳ በሚኒባስ ስትመላለሱ የኖራችሁ ሁሉ፣ ሾፌሩ ጋሽ ሰይድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወልድያ ታመው ተኝተው ሳሉ አረፉ፤ በዚያው ዕለት መርሳ ተቀበሩ። እኔ መርሳ ሱቅ ያለኝ፣ ዕቃዬን በእርሳቸው መኪና ሳመላልስ የኖርኩ ወዳጃቸው ነኝ። የምጽፈው ውዳሴ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ያፈርኩበት ነገር አለና እሱን ሳልናገር አላልፍም።

ስማቸውን የማያውቅ እንኳ በመስኮታቸው ያውቃቸዋል። አንድ ሰው ሲያስል ከሰሙ፣ ዝናብም ቢሆን መስኮት ያስከፍቱ ነበር። «ኧረ በአላህ! ኧረ በማርያም! ንፋስ ይመታናል!» ብለን እንጮሃለን። እርሳቸው ከወንበራቸው ጀርባ አጥፈው የሚያስቀምጧትን ጋቢ በረዳቱ እጅ ወደ ኋላ ይልኩልናል። «የበረደው ይልበሳት። ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል፤ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውን ግን አይመልሰውም» ይሉናል።

እኛ መች ሰምተን! አፋችንን ሳንሸፍን እናስላለን፤ አንዱን የውሃ ኮዳ ከአፍ አፍ እንቀባበላለን፤ ከዚያ «ሰውዬው ንፋስ ይወዳሉ» እያልን እንቀልድባቸዋለን።

ንፋስ ወደው አልነበረም። ልጃቸው ዘሀራ ትንሽ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እርሳቸውም እንደ ማናችንም «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብለው ተዉት። ቶንሲሉስ አለፈ፤ ግን ልቧን ጎድቶ ነው ያለፈው። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ዳግመኛ እንዳይታመም አጥብቆ አስጠነቀቃቸው፤ ልቧ ሌላ ጉዳት አይችልም። ሕመሙ እንዳይመለስባት በየወሩ ለምትወጋው መርፌ በዚሁ ሚኒባስ ወልድያ የሚያመላልሷት ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ከውርጌሳ አንዲት እናት ትኩሳት ያነደደው ልጇን አቅፋ ተሳፈረች። እንጥሉን ልታስቆርጥ ነው። ጋሽ ሰይድ መርሳ ሲደርሱ መኪናውን አዙረው ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረዷት። «እህቴ፣ እንጥሉን አታስቆርጪ፤ ሐኪም ይየው። ተሻለው ብለሽም መድኃኒቱን እንዳታቋርጪበት። እኔን በጊዜው የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሏት። እኛ ግን «ረፈደብን» እያልን እናጉረመርም ነበር።

የቀብሩ ዕለት አስከሬናቸው በሌላ መኪና ቀድሞ ወጣ። እኛ ለቀስተኞቹ ሌላ ሾፌር በያዘው የእርሳቸው ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ዘሀራም አብራን ነበረች። ይዘንባል። ገና ከወልድያ ሳንወጣ አንዱ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» አለ፤ እኔም አጠገቤ ያለውን መስኮት ገፍቼ ዘጋሁት። ከዘሀራ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ ያለ ማቋረጥ ያስላሉ። እርሷ አፍና አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና አንገቷን ደፍታለች። የምታለቅስ መስሎን «በርቺ፣ አላህ ያጽናሽ» እንላታለን።

መርሳ ልንደርስ ስንል ቀና አለች።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «መስኮቱን ይክፈቱልኝ። ዛሬ እኮ የሚያስከፍትልኝ ሰው የለም።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። መስኮቱን ከፈትኩት፤ ዝናቡም ፊቴን ሲመታኝ መጥረግ እንኳ አፈርኩ። ጋቢያቸው ከወንበሩ ጀርባ እንደ ታጠፈች ነበረች። እስከዚያች ሰዓት ማናችንም ልብ አላልናትም።

ጋሽ ሰይድ፣ ይቅር ይበሉን። በሕይወት ሳሉ አልሰማንዎት፤ በቀብርዎ ዕለት እንኳ የገዛ ልጅዎን በገዛ መኪናዎ አፍነን አመጣናት። ከእንግዲህ ዘሀራን ለመርፌዋ ወልድያ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መስኮቱ አጠገብም የምቀመጠው እኔው ነኝ። አላህ ጀነትን ይስጥዎ፤ ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ። ትናንት ከዘሀራ ጋር በመኪናዎ ስንመለስ አንዱ ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ጋቢዎን ሰጠሁት።