ቀን የተወራ ተረት

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ተረት የሚወራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብቻ ነበር። አባባ የምንላቸው የእናቴ አባት ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩልን፣ የኩበቱ ጭስ ዐይናችንን እያስለቀሰው፣ ኩራዙ ጋዝ እንዳይጨርስ ዝቅ ተደርጎ፣ በፍሙ ብርሃን የፊታቸው ግማሽ ብቻ እየታየን እናዳምጣቸዋለን። ቀን ላይ ግን እግራቸው ሥር ወድቀን ብንለምናቸው እንኳ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ቀን ተረት ካወሩ ከብት ይጠፋል ይሉናል፣ አለቀ። ያኔ ይህን የሚጠራጠር ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሰፈራችን ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ነው፤ እዚያ ከብት ጠፋ ማለት ደግሞ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አማርኛ የሚያስተምረን መምህር ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣ ወጣት ነበር። የከተማ ልጅ ነውና የእኛን ነገር አያውቅም። አንድ ቀን ሁላችሁም ከቤታችሁ የሰማችሁትን ተረት እዚህ ፊት ለፊት ቆማችሁ ታወራላችሁ ብሎ አዘዘን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ ልጅ ደፈር ብሎ «ቲቸር፣ ከብት ይጠፋብናል» አለው። መምህሩ ሳቀና «እንግዲያው ከብት የሌለው ይጀምር» አለ። ከብት የሌለው ማን አለና። የሚጀምር ሲያጣ እኔን ጠራኝ።

እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ያለፈ ድምፅ አውጥቼ የማላውቅ ሴት ልጅ ነበርኩ። እየፈራሁ ወጣሁ። የአውድማ ጠባቂ ሆና ስለተሾመችው ጦጣ ጀመርኩ። ጦጣዋ ገብሱን ራሷ ስትበላ ከርማ፣ ገበሬው ሌባውን ለመለየት አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ አፋችሁን ክፈቱ የሚላቸው ቦታ ላይ ስደርስ ቀጣዩ ጠፋኝ። አባባ ስንት ጊዜ ያወሩት ነገር ከጭንቅላቴ ድራሹ ጠፋ። ልጆቹ አፍጥጠው ያዩኛል። ምን ላድርግ፣ ከራሴ አመጣሁ። ጦጣዋ «ጥርሴን አሞኛል፣ አፌን መክፈት አልችልም» ብላ ጉንጯን በጨርቅ አሰረች አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱም ለቀቀኝ፣ እየጨመርኩ እየጨመርኩ ደወል እስኪደወል አወራሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ያለ ላም መጣ። ላማችንን ዳልቻን ሊያስከትባት ቀበሌ ወስዷት ነበር፤ ስንመለስ ገመዷን በጥሳ ወደ ገደሉ ወረደች አለ። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲፈልግ አመሸ። በማግሥቱ ጠዋት ከገደሉ ሥር ከጅብ የተረፈውን አገኙ። የምትታለብ ላም እሷ ብቻ ነበረች፤ የቤታችን ወተትም ቅቤም ከእሷ ነው። ጥጃዋ ጊደሮቹ መሐል ቆማ ስትጮህ ዋለች።

ቀን ተረት ማውራቴን እናቴ ከጎረቤት ልጆች ሰማች። ማታ ከእሳቱ ዳር እንደተቀመጥን፣ አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ይብቃት። ስሟን መጻፍ ችላለች። ከነገ ጀምሮ ቤት ትዋል፤ ያ ትምህርት ቤት ላሜን አስበልቶኛል።» እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። አባቴ ያማልደኛል ብዬ ባየው አንገቱን ደፍቶ ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሳል። አባባን እንዳላይ ደግሞ ቀን ተረት እንዳናወራ የከለከሉን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አባባ «ለመሆኑ የትኛውን ነው ያወራሽው?» አሉኝ።

«የጦጣዋን።»

«ጨረስሻት?»

እኔ ሳልመልስ አባቴ ከፍሙ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ «ጥርሴን አሞኛል ብላ ጉንጯን ካሰረች በኋላ ምን እንዳደረገች እኔም አልሰማሁም» አለ።

አባባ ዞረው አዩት። «በእኔ ተረት ውስጥ ጥርሷን ያመማት ጦጣ የለችም» አሉ። እናቴም አባቴን አየችው። ያንን ነገር ክፍል ውስጥ ከነበርነው በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

«ገመድ አልበጠሰችም» አለ አባቴ። «ከክትባት ስመለስ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሳልፍ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ዳልቻን ሣሩ ላይ ለቀቅ አደረግኋት፤ ዞር ስል የለችም። ልጅቷ ምን አጠፋች? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ «ቆመህ ተረት ስትሰማ» አለችው። እስከ ፋሲካ ድረስም በወጉ አላናገረችውም። አባባ ግን «እንግዲህ አባቶቻችን የከለከሉት ለዚሁ ኖሯል፤ ተረት የሚሰማ ሰው ከብት አይጠብቅም» አሉና ወደ እናቴ ዞረው «ልጅቷ ትሂድ» አሏት። በማግሥቱ ሄድኩ።

አሁን ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። አንደኛ ደረጃ ላይ ምን ተማርሽ ብትሉኝ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ማባዛቱንም ቢሆን በኋላ ነው በደንብ የያዝኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እኔ የምናገረው ነገር ትልቅ ሰውን ከመንገዱ ያስቆማል ብዬ አላስብም ነበር፤ ያውም አባቴን፣ ሥራ ካለበት ለሰላምታ እንኳ የማይቆመውን ሰው። ያንን ዓመት ወተት ሳንቀምስ ከረምን። ጥጃዋም ብዙ አልቆየችም። እናቴ ዛሬም የዳልቻ ስም ሲነሣ ታዝናለች፤ እውነቷን ነው፣ እኔም አዝናለሁ። ግን አባቴ ያን ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍ ይሻል ነበር ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።