አልጋውን ሳሎን ያወጣሁ ጊዜ

«አንቺ የተቀጠርሽው እናቴን ልታጥቢና ልታበዪ ነው። ቤተሰቤን አስተካክዪልኝ ብሎ የለመነሽ አለ?»

ልጅየዋ ናት እንዲህ ያለችኝ፤ ኮንኮርድ ከተማ ካለው ሥራዋ እየበረረች መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆማ። እናትየዋ ከኋላዬ፣ ጠዋት እየገፋሁ ባወጣሁት አልጋ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ቀኑን ሙሉ ማንኪያ አላስጠጉም።

ሥራዬ ይኼ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው ማስታመም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ በዲቪ መጣሁ፣ ይኼን አገኘሁ። አነሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ። አንድ ቤት ብዙ ስቆይ ይጨንቀኛል። እዚህ ቤት ግን ቆየሁ። ሴትዮዋ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴት አገር፣ የቶንጋ ሰው ናቸው፤ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ እቤት ይሁኑ» ብለው የመለሷቸው። ልጅየዋ አገራቸውን ስልኳ ካርታ ላይ ከነባሕሩ ስታሳየኝ ደሴቲቱን በአንድ ጣቴ ሸፈንኳት።

«ብታንስም ንጉሥ አላት» አለችኝ።

«እኛም ነበረን።»

«የት ሄደ?»

«ታሪኩ ረጅም ነው።»

«የእኛ ንጉሥ አለ። የሄደው ሕዝቡ ነው።»

ሳቅን። መንደራቸው በሩ ተዘግቶ የሚውል ቤት በየአጥሩ አለ አለችኝ፤ ወጣቱ ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ እዚህ። የቀሩት ሽማግሌዎችና «ላኩልን» ባዮች ናቸው። እሷ ስታወራ ደከመኝ። ከአገር ቤት የሚደወልልኝን የራሴን ስልክ የምሰማ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ ወደቡ ላይ በትራክ ኮንቴይነር ሲጎትቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሩን የሚሞሉ ሽማግሌ። ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ሳሎን ይቀመጡና መጽሐፍ ቅዱስ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይዘምራሉ። መኝታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ እህታቸው ውስጥ ተኝተዋል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። የሚጠይቁት ካለ ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ገብቼ እነግራለሁ፣ መልሱን ይዤ እወጣለሁ። ግድግዳው እኮ ካርቶን ነው፤ ይሰማማሉ! ያናድደኝ ነበር።

ለአከራዬ ነገርኳቸው። ኤርትራዊት ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል።

«ተቀያይመው ነዋ!» አሉ ወዲያው። «የመሬት ነገር ይሆናል።»

«እትዬ ደግሞ፣ ደሴት ላይ ምን መሬት አለ?»

«ለዚያ አይደል የሚጣሉት? ይልቅ አስታርቂያቸው። ቂም ይዛ ከሞተች አንቺም ትጠየቂበታለሽ።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ያጠብሻት አንቺ አይደለሽ?»

እየመጣች የምታያቸው ነርስ ብዙ ጊዜ የላቸውም ብላ ነበር። ይኼ ሰውዬ ከበር ማዶ እየዘመረ እህቱ ልትሞት ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ሰው ዝም አይልም፤ ጎትተህ ታገናኛለህ፣ ጉልበት ትስማለህ፣ ይላቀሳሉ፣ ያልቃል። ስለዚህ ጠዋት ገብቼ «ፀሐይ ይሻልዎታል» አልኳቸው። በቋንቋቸው የሆነ ነገር አሉ፤ እጃቸውንም አወዛወዙ። እሺ ማለታቸው ነው አልኩ፤ እንቢ ቢሉስ መቼ ልሰማ። አልጋው ጎማ አለው፤ እየገፋሁ አወጣሁት። የወንድምየውንም ወንበር አጠገባቸው አስጠጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው የውጪውን በር ከፈቱ። አዩን። ዓይናቸው ወዲያው መሬት ወረደ። ወደ ኋላ ተራምደው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና መኪናቸውን ሲያስነሱ ሰማሁ። ለልጅየዋ የደወሉላትም እሳቸው ናቸው።

«ተጣልተው መስሎኝ ነው» አልኳት።

«ምን ያጣላቸዋል? እህቱ ናት!» ቁጭ አለች። «በእኛ ወንድ እህቱ የምትተኛበት አይገባም። አብሯት ቲቪ አያይም። እሷ ከእሱ በላይ ናት፤ ልጆቹ እንኳ ከእሱ ይልቅ እሷን ነው የሚፈሩት። ሳሎን ስታስተኚያት አንቺ ቤቱን በሙሉ ዘጋሽበት።»

ጎንበስ ብዬ የአልጋውን ፍሬን ለቀቅኩ፤ እሷ ቀጠለች።

«አገር ቤት ወንዶቹ ለብቻቸው ነው የሚያድሩት። እዚህ ስንመጣ ግን ሬንቱ ሁለት ቤት የሚያስይዝ መሰለሽ? አጎቴ ትራኩ ውስጥ ነበር የሚተኛው፤ ዓመታት። ጎረቤት ሆምለስ ነው ብሎ ፖሊስ ጠራበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሰው ሁሉ ስናስረዳ ነው የኖርነው። ሰለቸኝ። የእኔ ልጆች ወንድሙም እህቱም አንድ ሶፋ ላይ ተጋድመው ፊልም ያያሉ፤ ምን እላለሁ? እነዚህ ሁለቱ ግን እንደለመዱት ይሙቱ።»

አልጋውን ሁለታችን ገፍተን መለስነው። ወንድምየው ግን አልመጡም፤ እህቴን ተጋድማ፣ ፀጉሯ ተበትኖ አየኋት ብለው አፍረዋል። እናትየዋም ከውሃ በስተቀር አልቀመስ አሉ። ያበሰልኩትን እያሞቅኩ፣ እየደፋሁ ሰነበትኩ። ልጅየዋ ለአጎቷ ብትደውልላቸው አላነሱም። በመጨረሻ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ቮይስ ሜይል ተውኩላቸው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህትዎ አልፈቀዱም። ፀጉራቸውን ጎንጉኛለሁ። ክፍላቸው ገብተዋል። በሩ ገርበብ ብሏል።» ከዚያ በላይ እንግሊዝኛም ጉልበትም አልነበረኝም።

በማግስቱ መጡ። ወገባቸው ላይ፣ ለክብር የሚታጠቁትን ከቅጠል የተሠራ ሰሌን ታጥቀዋል። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ። መዝሙሩ ሲጀመር ማንኪያውን አስጠጋሁ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ገንፎው እስኪያልቅ አበላኋቸው፣ አገጫቸውን ጠረግኩ።

ልጅየዋ ኩሽና ጠበቀችኝ። «አንቺን የላከሽ ኤጀንሲ ጋ ደውያለሁ። ከነገ ሌላ ሰው ይልካሉ።»

«እሺ።»

«ክፉ ነሽ አላልኩም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ሳን ሆዜ ሰው ይፈልጋሉ መሰለኝ።»

ሳህኑን አጠብኩ። ቦርሳዬን ይዤ፣ በሽማግሌው ፊት ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። መዝሙሩን አላቋረጡም። ደጅ ጫማዬን አጠለቅኩና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ።