በጋቢ የተጠቀለለው ከበሮ

ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ ቁም ሳጥን ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ከበሮ አለ፤ የአባዬ ነው። ትናንት ከሥራ ድክም ብሎኝ ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ትዘላለች። "ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" አልኳት። ድምፄ ቁርጥ የአባዬን ሆነብኝ።

ልጅ ሆኜ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነበር የምንኖረው። አባዬ አዲስ አበባ የሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ ስለታሰሩ የሰፈር ልጆች ማመልከቻ ጽፎ እሱም ታሰረ፤ ሲፈታ ተሰደድን። ጓደኞቹ በኋላ የላኩለትን ከበሮ ግን አንድ ቀን አልመታውም። ጎረቤት ከከሰሰን መኖሪያ ፈቃዳችን ይበላሻል ብሎ ፈራ። እቤት ውስጥ በካልሲ እንሄዳለን፣ በሹክሹክታ እንጣላለን። እኔ እንኳ ሳቅ ሲመጣብኝ ትራስ ውስጥ ነበር የምስቀው፣ እውነቴን ነው።

አንድ እሑድ፣ የአባዬ የሥራ ባልደረባ፣ ራጃ የሚባል የስሪላንካ ታሚል፣ ወደ ሂንዱ በዓላቸው ጠራን። እማዬ ጣዖት ያለበት አልደርስም ብላ ቀረች፤ እኔና አባዬ ሄድን። በገጠር መንገድ፣ በበቆሎ ማሳ መሃል፣ አምላካቸውን የጫነ ሠረገላ በወፍራም ገመድ ይጎትታሉ። ከፊት ከበሮና ረጅም ጡሩምባ፣ ከኋላ ዛጎል የሚነፋ ሽማግሌ። ከበሮው ደረቴ ውስጥ የሚመታ መሰለኝ። ጆሮዬን ይዤ፣ ዝም በሉ የሚላቸውን ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ጭራሽ ፖሊሱ መኪና አስቁሞ ያሳልፋቸዋል!

አባዬ ሰው አይቆጣችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ። ራጃ ገረመው።

"በየዓመቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ይፈቅዱልናል።"

 ትከሻዬ ላይ የነበሩት የአባዬ ጣቶች ቀስ ብለው መምታት ጀመሩ፤ የእነሱን ሳይሆን የእኛን የጥምቀት ምት። እየቆየ አሳመመኝ። እንዳያቆም ብዬ ንቅንቅ አላልኩም።

እቤት ስንገባ፣ ጀርመንኛው ለእኔ ስለሚቀለኝ፣ ለቤቱ አስተዳዳሪ ደብዳቤ አጻፈኝ። እሑድ እሑድ ለአንድ ሰዓት ከበሮ እንድንመታ እንዲፈቀድልን የሚጠይቅ ነበር። ነገ እልከዋለሁ አለኝ። ስንት ነገ አለፈ፤ በመጨረሻ መጠየቁ ሰለቸኝና ተውኩት።

አምና ሲያርፍ ከበሮው ጄኔቫ፣ እኔ ዘንድ መጣ። ጋቢውን ስፈታ ያ ደብዳቤ ወደቀ። አባዬ ፈርሞበታል፤ ቀኑን ብቻ ባዶ ትቶታል።

ያኔ በፈሪነቱ ተናድጄበት ነበር። አሁን እኔ የዚህ አገር ፓስፖርት ይዤ፣ ቋንቋውን እንደ ውሃ እየጠጣሁ፣ ልጄን ዝም አሰኛለሁ። ጎረቤቶቼ ስለ ድምፅ አንድም ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።