አገጭ ቀና
ዕድሜውን ሙሉ ሰው በርጩማ ላይ እያስቀመጠ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረው ባለፎቶ ቤት፣ አሮጌ የፊልም ካሜራውን አንግቶ ካሜራ ላለው ሁሉ ክፍት ወደሆነው በሰፈር እየዞሩ መንገደኛን ፎቶ የማንሳት ጉዞ የመጣው በሴት ልጁ ውትወታ ነው። የሚራመድ ሰው አንስቶ አያውቅም፤ አብረውት የሚዞሩት ወጣቶች ቢስቁበትስ?

«አባዬ፣ አንተም አንሳ እንጂ» አለችው ልጁ።

ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ስታልፍ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከአፉ የለመደው ቃል አመለጠው።

«አገጭ ቀና፤ ዓይን እንዳይጨፈን።»

ሴትየዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች። ወጣቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት። እንደምንም የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

«መቼ ይደርሳል?» አለች ሴትየዋ።

«ነገ ከሰዓት» አለ ሳያስበው።

ልጁ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን ወጣቶቹን ረስቶ ሌላ ጭንቀት ያዘው፤ ጨፍና ቢሆንስ?